ምስክር የማይመጣበት ችሎት፦ በህንድ የአደንዛዥ ዕፅ ክስና የቀጠሮ እስረኞች ዋስትና

የቪዛጉ ተማሪ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ ዋስትና ብዙ ጊዜ ተወያይተናል፤ አብዛኛው ግን ስለ አገራችን ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው የህንድን ነው። የሕግ ትምህርቴን ለመቀጠል ሄጄ አራት ዓመት የኖርኩት ቪሻካፓትናም ነበር፤ ነዋሪው በአጭሩ ቪዛግ የሚላት የወደብ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ የኦዲሻ ግዛት ድንበር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ተራሮቹ የወጣ ሰው ጋንጃ የሚበቅልበት አገር ይገባል። በከተማዋ ፍርድ ቤት ደጃፍም በዚህ ክስ የሚመላለስ ቤተሰብ ታጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ለጥናቴ ችሎት እከታተል ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ባለ ሦስት ድርብ የብረት ምሳ ዕቃ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከአንድ ፖሊስ ጋር በካቴና ተቆራኝቶ መጣ። አባትየው የላይኛውን ክዳን ገና ሲያነሱ የልጁ ስም ተጠራ። ተከትያቸው ገባሁ። ልጁን የያዘው መኮንን ምስክርነት እንዲሰጥ የተቀጠረበት ቀን ነበር። መኮንኑ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፣ መጥሪያውም አልደረሰውም ተባለ። ዳኛው መዝገቡን ገለበጡ፣ ሌላ ቀን ጻፉ፣ ቀጣዩ ስም ተጠራ። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ልጁ ከታሰረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቃሉን የሰጠው ምስክር አንድ ብቻ ነው። ስንወጣ ፖሊሱ የልጁን አንድ እጅ ፈታለት፤ ሽማግሌው ግን እጁ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ ሩዙን በሾርባ እየለወሱ እዚያው ቆመው አጎረሱት።

ነገሩን ያከበደው አንቀጽ 37 የሚባለው ነው። የህንድ የአደንዛዥ ዕፅ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ፤ ይህ አንቀጽ ደግሞ በ1989 ተሻሽሎ አሁን ያለውን ጥርስ አበቀለ። «ለንግድ የሚውል መጠን» በሚባለው ልክ የተከሰሰ ሰው፣ ማለትም ጋንጃ ከሆነ ከ20 ኪሎ፣ ሄሮይን ከሆነ ከ250 ግራም በላይ ተገኘበት የተባለ፣ ቢፈረድበት ከ10 እስከ 20 ዓመት ይጠብቀዋል። ይህ ሰው ዋስትና ሲጠይቅ ዓቃቤ ሕግ ይቃወመው ዘንድ ዕድል ይሰጠዋል። ዓቃቤ ሕግ ከተቃወመ ዳኛው ሁለት ነገር ማመን አለበት፦ ሰውዬው ጥፋተኛ አይደለም ለማለት በቂ ምክንያት መኖሩን፣ በዋስ ቢወጣም ሌላ ወንጀል የማይፈጽም መሆኑን።

እስቲ አስቡት። ምስክር አልተሰማም፣ መስቀለኛ ጥያቄ አልቀረበም፣ የዕፁ ናሙና እንዴት እንደተወሰደ አልተመረመረም። ዳኛው ግን «ጥፋተኛ አይመስለኝም» ብሎ እንዲጽፍ ይጠበቃል። ያንን ለመጻፍ የሚያስችለው ማስረጃ የሚወጣው ደግሞ ከማይጀመረው የምስክር መሰማት ነው። ተከሳሹ ነጻነቱን ሊያሳይበት የሚችለው በር የሚከፈተው በሌሎች ሰዎች እጅ ነው፤ እነሱ ደግሞ አይመጡም።

በ2022 መጨረሻ በህንድ ወህኒ ቤቶች 573,220 እስረኞች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 434,302ቱ የቀጠሮ እስረኞች ናቸው፤ ከአራት እስረኞች ሦስቱ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው ማለት ነው። ይህ የሁሉም ዓይነት ክስ ድምር ነው። በአደንዛዥ ዕፅ የተከሰሰው ግን አንቀጽ 37 ስለተደረበበት የመውጫው በር ከሌላው ይጠብበታል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መንግሥት ምስክሩን ማቅረብ ካልቻለ ሰውየውን መልቀቅ አለበት። የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ።

አባት ነኝ
ጥቅምት 6

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን እስከ መጨረሻው አነበብሁ። የሽማግሌው ጉርሻ እኔንም ነካኝ፤ አባት ነኝና። ግን እኔም ሌላ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነበር። የሆስፒታል ኮሪደር። የመጀመሪያ ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው የጠፋብኝ፤ በሕይወት እያለ ነው የጠፋብኝ የምለው። የቤቱን ዕቃ ሸጠ፣ የእናቱን የአንገት ወርቅ ሸጠ፣ በመጨረሻ ወንድሙን በቢላዋ አስፈራራ። ያንን ነገር ያቀበሉት ሰዎች ሰፈር ውስጥ ይታወቃሉ። አንዱ ተይዞ በሦስተኛው ሳምንት በዋስ ወጥቶ እዚያው ጥግ ላይ ቆሞ አየሁት። በማግስቱ ልጄ እቤት አላደረም።

20 ኪሎ የያዘ ሰው ለራሱ ሊያጨሰው አይደለም የያዘው። ህንዶች ይህን አንቀጽ የጻፉት እንደ እኔ ያለ ሰው ስላለቀሰባቸው ይመስለኛል። ለታሳሪው ሰብዓዊ መብት ስትከራከር የእኔን ልጅ ከየትኛው ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለህ?

ከአራዳ ጊዮርጊስ
ጥቅምት 7

አባታችን ኀዘንዎን እግዚአብሔር ያቅልልዎ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች ሻህሩክ ካንን የማናውቅ የለንም። ልጁ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 መጀመሪያ ሙምባይ ላይ ከአንድ የመዝናኛ መርከብ ጋር በተያያዘ ተይዞ ነበር። በእጁ ምንም ዕፅ አልተገኘም። የታችኛው ፍርድ ቤት ዋስትና ከለከለው፤ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ወር በ28 ቀን ፈቀደለት። በሜይ 2022 በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ክስ ሳይቀርብበት ቀረ።

ልጁ በመውጣቱ ደስ ብሎኛል፤ ማንም ያለ ማስረጃ መታሰር የለበትም። ግን አስቡት፤ ዓለም የሚያውቀው አባት ያለው፣ አገሪቱ ውስጥ አሉ የተባሉ ጠበቆች የቆሙለት ልጅ እንኳን ሦስት ሳምንት ተኩል ፈጅቶበታል። ከተራራ ወርዶ የተያዘ ኩሊ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

የቪዛጉ ተማሪ
ጥቅምት 7

አባቴ፣ ልጅዎን ሚዛን ላይ አላስቀምጠውም፤ ልጅዎ ሰው ነው። የተናገሩት ሻጭም ማስረጃ ካለበት ተፈርዶበት መታሰር አለበት። እኔ የምለው ይፈረድበት ነው። ችግሩ የሚፈርድ ሰው መጥፋቱ ነው።

በቪዛግ ወህኒ ቤት ደጃፍ ያገኘኋቸው ቤተሰቦች ያቺን ጥግ የያዘውን ሰው አይመስሉም። ብዙዎቹ የተራራው ገበሬዎች፣ የጭነት መኪና ረዳቶች፣ ለአንድ ጉዞ ጥቂት ሺህ ሩፒ የተከፈላቸው ተሸካሚዎች ናቸው። ዕቃው የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አያውቁም፤ ቢያውቁም ስም ለመጥራት ይፈራሉ። ባለቤቱ መኪናው ውስጥ አይቀመጥም።

ደግሞም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ይህን ነገር ካየው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ውሳኔ፣ ከ10 ዓመት የማያንስ ቅጣት በሚያስከትል የዕፅ ክስ አምስት ዓመት የታሰረ ሰው በአንድ መቶ ሺህ ሩፒና በሁለት ዋሶች እንዲለቀቅ አዘዘ። ያ ትእዛዝ በጊዜው ለተከማቹት መዝገቦች የተሰጠ የአንድ ጊዜ መፍትሔ ነበር፤ መዝገቡ ግን እንደገና ተከማቸ። በማርች 2023 ደግሞ በጋንጃ ተከስሶ ከሰባት ዓመት በላይ በቀጠሮ የቆየ ወጣት ጉዳይ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ አንቀጽ 37ን ቃል በቃል ከወሰድነው ዋስትና የሚባል ነገር ጨርሶ አይኖርም፣ እስሩም ያለ ፍርድ ቅጣት ይሆናል ብሎ ለቀቀው። እዚያው ውሳኔ ውስጥ አቅመ ደካማ ሰው ሲታሰር እንጀራው እንደሚቋረጥ፣ ቤቱ እንደሚበተን ጽፏል። በዚያው ዓመት በጁላይ የኦዲሻ መዝገብ መጣ፤ ከ19 ምስክሮች የተሰማው አንድ ብቻ፣ እስሩ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ። የተባለው በአጭሩ ይህ ነው፦ እስሩ ሲረዝም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21፣ ማለትም የሕይወትና የነጻነት መብት፣ ከአንቀጽ 37 ክልከላ ይበልጣል።

እነዚህን ውሳኔዎች በልቤ ይዤ ነው ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የቆምኩት። የልጁ ጠበቃ መንግሥት የመደበለት ወጣት ነበር፤ በእጁ የያዘው የመዝገብ ክምር አገጩ ድረስ ይደርሳል። ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለምን አልሄዳችሁም አልሁት። «ማን ከፍሎ?» አለኝ።

ጡረተኛው ዓቃቤ ሕግ
ጥቅምት 8

ሃያ ሁለት ዓመት በዓቃቤ ሕግነት አገልግያለሁ፤ በአገራችን ማለቴ ነው። ተማሪው የጻፈው ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ነው የጻፈው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2022 አንድ ችሎት ስለ ዋስትና ሰፊ ውሳኔ ሰጠ፤ የፍርድ መዘግየት እንደ ዕፁ አዋጅ ባሉ ልዩ አዋጆች ለተከሰሱትም የዋስትና ምክንያት መሆኑን ያጸና ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 19፣ ሌላ ችሎት በዕፅ ጉዳይ የተሰጠ ዋስትና ሻረ፤ የእስሩ ርዝመት ብቻውን፣ ወይም ክርክሩ መጀመሩ ብቻውን፣ አንቀጽ 37ን አያልፍም አለ። የታች ፍርድ ቤት ዳኛ ሁለቱን ውሳኔዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ምን ይወስን? ዋስትና ሰጥቶ ተከሳሹ ቢጠፋ ስሙ የሚነሳው የእሱ ነው። ከልክሎ ሰውየው አምስት ዓመት ቢቀመጥ ግን ማንም አይጠይቀውም። ሰው ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ይህንን በገዛ ሥራዬ አይቻለሁ።

የመዘግየቱን ምክንያት ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። የዕፅ መዝገብ ምስክሮቹ ፖሊሶችና የጉምሩክ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ይዛወራሉ። ኤግዚቢቱ ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ውጤቱ ይጠበቃል። የመያዣ ቃለ ጉባኤውን የፈረመው የሰፈር ሰው አድራሻ ይቀይራል ወይም ይፈራል። ዓቃቤ ሕጉ ደግሞ ሠላሳ ምስክር ቆጥሮ ይሰጣል፤ አምስቱ የሚበቁ ሆነው ሳለ። እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲህ አድርጌያለሁ። ምስክር ባበዛሁ ቁጥር መዝገቤ የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያበዛሁት የሰዎችን እስር ነው።

እኛም ቤት ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19(6) የተያዘ ሰው በዋስ የመለቀቅ መብት አለው ይላል፤ ክልከላውን ለልዩ ሁኔታ ይተወዋል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በአንቀጽ 63 የቅጣቱን ከፍታ አይቶ በሩን ይዘጋል። በ1993 ዓ.ም. ለሙስና ተጠርጣሪዎች ዋስትና የከለከለው አዋጅ ሲወጣ ያስነሳውን ክርክር በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። ዋስትናን ከዳኛ እጅ ወስዶ ለክሱ ስም የሰጠ ሕግ የትም አገር ውሎ አድሮ የሚይዘው አቅመ ደካማውን ነው። አባት ነኝ ያሉት ወንድማችን ቅር እንዳይላቸው፤ ዕፅ አዘዋዋሪን እጠላለሁ፣ ከስሻቸዋለሁም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ላስፈርድበት ያልቻልኩትን ሰው አስሬ እንዳቆይ ሕግ ሲፈቅድልኝ፣ እኔ ሥራዬን በጊዜ የምሠራበት ምክንያት አይኖረኝም።

እህቱ ነኝ
ጥቅምት 9

ይህን ክር ሦስት ቀን ሳነብ ሰነበትሁ። ልጻፍ ልተው እያልሁ ነው። የምሠራው ሻርጃ ነው፤ ሰው ቤት።

ወንድሜ በ2018 በፈረንጅ አቆጣጠር ህንድ ገብቶ ተያዘ። ትኬቱን የቆረጠለት ሰው ልብስ ታመጣለህ ብሎት ነበር። ወንድሜ ጻድቅ ነው አልልም። ሻንጣው የእሱ ነበር፤ ምን እንዳለበት መጠየቅ ነበረበት፣ አልጠየቀም፣ ወይም መልሱን ፈራ። ይህን ለጠበቃውም ነግሬዋለሁ።

በአራተኛው ዓመት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቀደለት። ሥራ ላይ ሳለሁ ጠበቃው ደውሎ ነገረኝ፤ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ከዚያ ሁኔታዎቹ ተነበቡልኝ። ሁለት ዋስ፣ ሁለቱም እዚያው ከተማ ንብረት ያላቸው። ፓስፖርቱ ይያዝ። ከአገሩ ኤምባሲ ደግሞ ከህንድ አይወጣም የሚል ማረጋገጫ ይምጣ። ወንድሜ በዚያች ከተማ የሚያውቀው ሰው የሕዋሱን ጓደኞች ነው። ቤትና መሬቱን ለማያውቀው ጥቁር እንግዳ የሚያሲዝ ሰው ከየት ይምጣ? ማረጋገጫውንስ ማን ይጻፈው? በማንም አልፈርድም፤ በወረቀት የሰውን እግር ማሰር አይቻልም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን። ዋስትና የተፈቀደለት ሰው ሆኖ ሁለት ዓመት ከዚያው አልወጣም።

እናታችን ደሴ ላይ ስታርፍ የነገርሁት በስልክ ነው። የተፈቀደልን አምስት ደቂቃ ነበር። ሁለቱን ደቂቃ ዝም አለ። ከዚያ «ቀሚሷን አትስጡ» አለኝ። እስካሁን አልሰጠሁም።

የቪዛጉ ተማሪ
ጥቅምት 9

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለጠበቃው ይህን ንገሪው፤ ምናልባት ያውቀዋል፣ ግን ንገሪው። የኤምባሲው ማረጋገጫ የመጣው ቀደም ብዬ ከጠቀስሁት የ1994 ውሳኔ ነው፤ ለውጭ አገር ዜጎች ተብሎ የተቀመጠ ቅድመ ሁኔታ ነበር። በጁላይ 2024 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከሰሰ የአንድ ናይጄሪያዊ ጉዳይ አይቶ፣ ማረጋገጫው በየመዝገቡ የግድ መጠየቅ የለበትም ብሏል። ኤምባሲው ምን እንደሚያደርግ ተከሳሹ ሊያዝ አይችልም፤ በማይችለው ነገር ዋስትናውን ማጣት የለበትም ነው ነገሩ። በዚያው ውሳኔ ተከሳሹ ያለበትን ቦታ ለፖሊስ በጉግል ካርታ ያሳይ የሚለውንም ቅድመ ሁኔታ ሰርዞታል።

ስለ ዋሶቹም በ2023 መጀመሪያ የወጣ መመሪያ አለ፤ ዋስትና የተፈቀደለት ሰው በአንድ ወር ውስጥ ማቅረብ ካቃተው ፍርድ ቤቱ ራሱ ሁኔታዎቹን ማላላት ይችላል። ጠበቃው ማመልከት አለበት።

ጠያቂ
ጥቅምት 9

እንደ ተራ አንባቢ አንድ ጥያቄ አለኝ። ህንድ ውስጥ የቅጣቱን ግማሽ የታሰረ ይለቀቃል የሚባል ሕግ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ለዕፅ ክስ አይሠራም?

ጡረተኛው ዓቃቤ ሕግ
ጥቅምት 10

አለ። ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት ሊያስቀጣ ከሚችል ክስ በቀር፣ የከፍተኛውን ቅጣት ግማሽ በቀጠሮ የጨረሰ ይለቀቃል ይላል። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 479፣ ከዚህ በፊት ተፈርዶበት የማያውቅ ሰው ሲሶውን ከጨረሰ ይበቃዋል። የጁላይ 11 ውሳኔ የግማሹ ደንብ ለልዩ አዋጆችም ይሠራል ብሎ ነበር። ነገር ግን ሒሳቡን ሥሩት፤ ከፍተኛው ቅጣት 20 ዓመት ሲሆን ግማሹ 10 ዓመት ነው፣ ሲሶው ስድስት ዓመት ከስምንት ወር። ይህን ያህል ታስሮ መውጣትን ዋስትና ብሎ ለመጥራት አፌ አይደፍርም። በዚያ ላይ ብዙ ክስ ያለበትን ሰው አይመለከትም።

ተማሪው ያላነሳው ሌላ ነገር አለ። የህንድ መንግሥት በ2023 ለድሃ እስረኞች የዋስትና ገንዘብ የሚከፍልበት መርሐ ግብር ጀምሯል፤ ሲጀመር ለአንድ የቀጠሮ እስረኛ እስከ 40,000 ሩፒ ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ አዋጅ የተከሰሱ ግን በስም ተለይተው ከመርሐ ግብሩ ውጭ ሆነዋል። ያን ሳነብ መነጽሬን አወለቅሁ። የመጨረሻው ድሃ ተሸካሚው ነው፤ ዋስ የሚያጣውም እሱ ነው፤ ተለይቶ የቀረውም እሱ ነው።

አባት ነኝ
ጥቅምት 11

አሁንም ሻጩ ይታሰር ባይ ነኝ። ማንም ይህን አያስለውጠኝም። ሌሊቱን ግን የዚህችን ልጅ ጽሑፍ ሳስብ አደርሁ። ልጄን ያጠፋው ሰው ሦስት ሳምንት ታስሮ ወጣ፤ ሻንጣ የተሸከመው ልጅ ስድስት ዓመቱ። ይህ እኔን አይክሰኝም። የእኔን ልጅ የሚመልስልኝ መስሎኝ የምደግፈው ሕግ የሌላ ሰው ልጅ ይዞ ከቀረ ምን አተረፍሁ?

ልጄ ሆይ፣ የወንድምሽን የክርስትና ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከልጄ ስም ጋር አስጠራዋለሁ።

እህቱ ነኝ
ጥቅምት 11

ልኬልዎታለሁ አባቴ።

ተማሪው ወንድሜ፣ የጁላዩን ውሳኔ ለጠበቃው ነገርሁት። ያውቀዋል፤ ማመልከቻውንም አስገብቷል። በዋሶቹ በኩል አንድ አብሮት ታስሮ የነበረ የዚያው አገር ሰው አጎቱን ሊያነጋግርልኝ ቃል ገብቷል። ቀጠሮው ኅዳር 19 ነው።